ያበደሩት ገንዘብ፣ የተቋረጠ ደመወዝ፣ የተከራዩት ቤት፦ ፍርድ ቤት ከመድረስዎ በፊት ምን ማድረግ አለብዎት?

ደሴ ላይ ሰዎች የሕግ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ የሚጀምሩበት ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሰው አምኜ ነው።» በሰኞ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት እንዲህ ትላለች፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወጣትም እንዲሁ። መተማመን ቡና አጣጥቶ፣ ሐዘንና ደስታ አካፍሎ ያኖረን ነገር ነው፤ አንድም ቀን ላጣጥለው አልፈልግም። ዳኛው መዝገቡን ሲከፍት የሚያየው ግን ወረቀቱንና ቀኑን ነው። ካየኋቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ የተሸነፉት ችሎት ላይ አልነበረም። የተሸነፉት ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈበት ምሽት፣ ወይም «ዛሬ ነገ» ሲባል ቀኑ ባለፈበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ችግር ሳይመጣ ቢያነቡት እመርጣለሁ፤ ከመጣም በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደረግ ነገር አለ።

ገንዘብ ማበደር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 2472 እንደሚለው ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም እዚያው በሚፈጸም መሐላ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይበቃም፤ ገደቡ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ሃምሳ ሺህ ብር ቆጥረው ሲሰጡ በዓይናቸው ያዩ አምስት ጎረቤቶች ቢኖሩዎትም የእነሱ ቃል ብቻውን አያስፈርድልዎትም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው እንባቸውን የሚጠርጉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ነበር።

ገና ሊያበድሩ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ።

1. ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ይጻፉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የሁለታችሁ ስም እስከ አያት፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ ገንዘቡ የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን። «ሲመቸኝ እመልሳለሁ» የሚል ውል አይቀበሉ፤ ቀኑ ካልታወቀ «ጊዜው ገና ነው» የሚል ክርክር ይከተላል።

2. ሁለት ምስክሮች ያስፈርሙ። አንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ይጠይቃል። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ይሁኑ። ከተቻለ የቤተሰብ አባል አይሁኑ፤ ደግሞም በቀላሉ የሚገኙ ሰዎችን ይምረጡ። ነገ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጥሩ ምስክር አይሆንም።

3. ከተዋዋዮቹ አንዱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ከሆነ ወይም ዓይነ ስውር ከሆነ ቤት ውስጥ የሚደረግ የጣት አሻራ አይበቃም። በአንቀጽ 1728 መሠረት እንዲህ ያለው አሻራ የሚያስገድደው ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። እናቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ወደ ውልና ማስረጃ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው።

4. ወለድ ካለው መጠኑን ይጻፉ። በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ከ9 በመቶ በላይ የሆነ ወለድ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ተስማምታችሁም ቢሆን በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ አይቻልም። «በወር አሥር» የሚባለው የአራጣ ብድር በወንጀል ያስጠይቃል። በሃይማኖታችሁ ምክንያት ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ «ያለ ወለድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ክርክር ይቀንሳል።

5. ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ያስተላልፉ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ብድር» ብለው ይሙሉ። የባንክ ደረሰኝ ገንዘብ መተላለፉን ያሳያል እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም። ተቀባዩ «የዕቁብ ድርሻዬ ነው» ወይም «የዕቃ ዋጋ ነው» ቢል ወረቀት የሌለው ሰው ይቸገራል።

ስለ ዋስም አንድ ነገር ልበል፤ ጓደኛን ላለማስቀየም ፈርመው ቤታቸውን ያጡ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። ዋስ ሊሆኑ ከተጠየቁ በውሉ ላይ ኃላፊነትዎ እስከ ስንት ብር እንደሆነ መጻፉን ይመልከቱ። ከፍተኛው መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል በሕጋችን ዋጋ የለውም። ከዚያ «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «የማይነጣጠል ዋስ» የሚል ቃል ይፈልጉ። ይህ ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ እርስዎን መክሰስ ይችላል። ቀላል ዋስ ከሆኑ ግን «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልግ» ማለት ይችላሉ። የልዩነቱን ክብደት የሚያውቁት ሐራጁ ሲወጣ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ። ባዶ ወረቀት ላይ ደግሞ ለወንድምዎም ቢሆን አይፈርሙ።

ሳይጽፉ አበድረው ከሆነስ?

ተስፋ አይቁረጡ፤ ግን በቁጣ አይጀምሩ። ተበዳሪው አሁንም የሚያናግርዎ ከሆነ ዛሬውኑ የዕዳ ማመኛ ያስፈርሙት፦ «ከእገሌ ይህን ያህል ብር ተበድሬ እስካሁን አልከፈልኩም፤ በዚህ ቀን እከፍላለሁ።» ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ሙሉውን መክፈል ካልቻለ በየወሩ የሚከፍለውን ይስማሙና በዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ለከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይስጡ፤ እርስዎም ቅጂውን ይያዙ። ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ይርጋውን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ፣ ያቋርጠዋል፤ ጊዜው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በስልክ የተለዋወጣችሁትን መልእክት አያጥፉ።

ምንም ካልፈረመስ? መክሰስ ይቻላል፤ የሚተማመኑት ግን ተበዳሪው በዳኛው ፊት ሲጠየቅ በሚሰጠው ቃል ላይ ነው። ሰው በሰፈር የካደውን ችሎት ላይ ያምናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በዚህ አካባቢ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ብቻ ይዞ ወጥቷል፤ ሲመለስ ሣጥኑ ተሰብሮ፣ ወረቀቱ ተቃጥሎ አግኝቷል። ውል ነበረኝ ግን ጠፋ የሚል ሰው መንገዱ አልተዘጋበትም። አንቀጽ 2003 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ በምስክር እንዲረዳ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስረዳሉ፤ መጀመሪያ ሰነዱ እንደነበረና እንዴት እንደጠፋ፣ ቀጥሎ በውስጡ ምን እንደተጻፈ። በውሉ ላይ የፈረሙትን ምስክሮች ያፈላልጉ። ቤትዎ መዘረፉን ያኔ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ አመልክተው ከነበረ የዚያን ማስረጃ ቅጂ ይጠይቁ። የቤት ካርታና የጋብቻ ማስረጃን የመሰለ መንግሥታዊ ሰነድ ከጠፋ ደግሞ ምስክር ከማሰለፍዎ በፊት ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ምትክ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ።

ወደ ክሱ ሲሄዱ

መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በሕጋችን ባለዕዳ ግዴታውን አልፈጸመም ለማለት እንደ ደንቡ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፤ ተቀባዩ በቅጂው ላይ እንዲፈርም ያድርጉ፤ እምቢ ካለ በምስክሮች ፊት ይስጡት።

ከዚያ የክስ ማመልከቻ ይጻፋል። የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ነገሩ መቼና እንዴት እንደሆነ በአጭሩ፣ ምን እንዲወሰንልዎ እንደሚፈልጉ፣ በመጨረሻም የማስረጃ ዝርዝር። ሰዎች እንግልታቸውን ሁሉ ጽፈው የሚጠይቁትን ዳኝነት ይረሱታል። «ዋናው ገንዘብ፣ ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ፣ ወጪና ኪሣራ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ያሏችሁን ሰነዶችና የምስክሮች ስም አብራችሁ አቅርቡ፤ በኋላ ማምጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሊከለከልም ይችላል።

የት ይከሰሳል? በመሠረቱ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው። ነገር ግን የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤትም ይቀርባል። ስለዚህ ደሴ ላይ ተበድሮ አዲስ አበባ የገባን ሰው እዚሁ ደሴ መክሰስ ይቻላል። ይህን ባለማወቅ ለትራንስፖርትና ለአልጋ ከዕዳው የማይተናነስ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች አሉ።

ውሉ በጽሑፍ ከሆነና የገንዘቡ ልክ ከታወቀ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይጠይቁ። ተከሳሹ ለመከራከር ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ በቂ ምክንያት ካላቀረበ ፍርዱ በፍጥነት ይሰጣል። ባለዕዳው ንብረቱን እየሸጠ መሆኑን ካወቁ ደግሞ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ እንዲታገድ፣ በመሐላ አስደግፈው ያመልክቱ።

ቀጠሮ አያሳልፉ። ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሽ ሆነው መጥሪያ ደርሶዎት ካልቀረቡም ነገሩ በሌሉበት ይታያል፤ በበቂ ምክንያት እንደቀሩ ለማስረዳት ፍርዱን ካወቁ በኋላ ያለዎት ጊዜ አንድ ወር ነው። መጥሪያ አልቀበልም ማለት ክሱን አያስቀረውም።

ፍርድ ካገኙ በኋላ ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገባሉ፤ የባለዕዳውን ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ሒሳብ ወይም ደመወዝ ጠቁመው ያቀርባሉ። ይህን ለመጠየቅ 10 ዓመት አለዎት። ለብድር ክሱም ቢሆን የይርጋው ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ግን አሥር ዓመት መጠበቅ ምስክር መቅበር ነው።

«ፖሊስ ለምን አያስረውም?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ዕዳ አለመክፈል ብቻውን ወንጀል ስላልሆነ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ሰጥቶ ከሆነ፣ በሐሰት አታልሎ ከሆነ፣ ወይም በአደራ የተሰጠውን ዕቃ ሽጦ ከሆነ ግን ወንጀል ነው። ቼኩ ሲመለስ ባንኩ የሚሰጠውን ወረቀት ይያዙና ለፖሊስ ያመልክቱ።

ከሥራ ሲሰናበቱ

ከደሴ የሐረጎን ተራራ ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ጥያቄው ይለወጣል። በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አንሥቶ እስከ ነባሮቹ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ድረስ ከተማው የሠራተኛ ከተማ ነው። እዚህ ሰውን የሚጎዳው ከወረቀቱ ይልቅ ቀኑ ነው፤ የሥራ ክርክር ይርጋ እጅግ አጭር ነውና።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፤ ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያም ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በስድስት ወር። ጥር 10 ቀን የተሰናበተ ሠራተኛ ለመመለስ የሚጠይቅበት ጊዜ ሚያዝያ 10 ላይ ያበቃል ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት ኃላፊው «ቆይ፣ እናስብበታለን» እያላቸው በር ላይ ሲመላለሱ ነው። ይመላለሱ፤ ግን ክሱን አስገብተው ይመላለሱ።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባሉ ቀን የሚከተለውን ያድርጉ። የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልሰጡዎት በማግሥቱም በሥራ ሰዓትዎ ይሂዱና ጥበቃው ሲመልስዎ ያዩ ባልደረቦችን ስም ይያዙ፤ አለበለዚያ «ራሱ ጥሎ ቀረ» ሊባል ይችላል። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ወይም «ምንም የምጠይቀው ገንዘብ የለኝም» የሚል ወረቀት የመጨረሻ ደመወዝዎን ለመቀበል ብለው አይፈርሙ። መታወቂያዎን፣ የደመወዝ ወረቀቶችዎን፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫዎንና የሥራ ውልዎን ቅጂ ያሰባስቡ። የጽሑፍ ውል ከሌለዎትም ሠራተኛ መሆንዎ በሌላ ማስረጃ ይረዳል፤ ደመወዝ በየወሩ የገባበት የባንክ መግለጫ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ምን መጠየቅ ይችላሉ? የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ያንን ያለፈ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ከተሰናበተ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ካልሆነ ካሣ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይጨመራል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ነው። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ይለወጣል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። አሠሪው እነዚህን ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። የጡረታ መዋጮዎም በትክክል መግባቱን ያጣሩ፦ ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህን በድፍረት ይናገሩ፤ ከክፍያ ፍርሃት የተነሣ ሳይከሱ የቀሩ እህቶች ብዙ ናቸው።

እርስዎ መልቀቅ ከፈለጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁ። የቤት ሠራተኞችን አዋጁ አይሸፍንም፤ እነሱን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ግን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

የተከራዩት ቤት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። በክልል ከተሞች የሚተገበረው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ በሚኖሩበት ቀበሌ ይጠይቁ። የአዋጁ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡ፤ ኪራዩን በባንክ ይክፈሉ። አከራይ ዕቃዎን ወደ ውጭ አውጥቶ በሩን ቢቆልፍ በጉልበት አይመልሱ፤ ፖሊስ ይጥሩና ሁኔታው ይመዝገብ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ያመልክቱ። አከራዮችም ተከራይን ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ እንደሆነ ይወቁ።

ቤት ሲገዙ ደግሞ በሰፈር ደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት አይበቃዎትም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረሙን አይርሱ።

በአጭሩ የሚመለሱ

ወላጅ ሲሞት ወራሾች የሞት ማስረጃ ይዘው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ሌላ ሰው ውርሱን ይዞት ከሆነ ይህንና መብትዎን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓመት ብቻ አለዎት፤ «የወንድም ነገር» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ። የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ የሚችለው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው፤ ካልተስማሙ ወደዚያ የሚያስገድድዎ የለም።

ባጃጅ ወይም መኪና ከገጨዎት የሰሌዳ ቁጥሩን ይያዙ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ያስመዝግቡ፣ የሕክምና ወረቀትና ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

በሽምግልና መጨረስ

ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂና የአገር ሽማግሌ ብዙ ደም አድርቀዋል፤ የገንዘብና የድንበር ጠብም በእነሱ ቢያልቅ እመርጣለሁ፤ ጉርብትናው ይተርፋልና። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሽምግልና የይርጋን ቀን ያቆማል ብለው አይተማመኑ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ቀኑ ከደረሰ ክሱን ያስገቡና እርቁን ይቀጥሉ፤ ከታረቃችሁ ስምምነቱን ችሎት ያጸድቀዋል። ደግሞም እርቁ ይጻፍ። በጽሑፍ የተፈረመ የእርቅ ስምምነት በሁለታችሁ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያህል ይጸናል፤ ስለዚህ ያልተስማሙበትን ነገር ለሽማግሌ ክብር ብለው አይፈርሙ።

ገንዘብ ከሌለዎት

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። ከቀበሌ የኑሮ ሁኔታዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያወጣሉ፤ ንብረትዎን ዘርዝረው ከክስ ማመልከቻው ጋር ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይፈቅዳል። ነጻ የሕግ ምክር ለማግኘት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ይጠይቁ፤ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ድጋፍ ያደርጋሉ።

በፍርዱ ካልተስማሙ የይግባኝ ጊዜው በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ በሥራ ክርክር ግን 30 ቀን ብቻ ነው። ፍርዱ በተነበበ ዕለት የፍርዱን ግልባጭ ለመዝገብ ቤት ያመልክቱ።

ወደ ማንም አማካሪ ሲሄዱ ሰነዶችዎን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ይሂዱ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አይስጡ፤ ቅጂ አድርገው ቅጂውን ይስጡ። የእያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ በስልክዎ ያንሡና ሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይላኩ።